እማዬን ሶኖማ ልውሰዳት ወይስ ይቅር?

ጥያቄ

«ሰላም እህቴ። የምኖረው ኦክላንድ ነው። እናቴ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከደሴ ትመጣለች። አሜሪካን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ድረስ እኛ ጋ ናት። ባለቤቴና ጓደኞቹ የወይን አገር ወደሆኑት ናፓና ሶኖማ እንውሰዳት ብለው በአንድ ቀን አምስት ወይነሪ (ወይን የሚጠመቅበትና የሚቀመስበት ቤት) የሚያዞር ፕሮግራም አውጥተዋል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ሰው ናት። ለዓመት በዓል ጠጅ ትቀምሳለች እንጂ ለመጠጥ ብሎ መኪና አስነስቶ መሄድ አይገባትም። በስልክ ስነግራት ‹ልጄ፣ መጠጥ ቤት ልታዞሪኝ ነው?› አለችኝ። በዚያ ላይ በኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ ጓሯችን ውስጥ ሠላሳ ሰው ጠርተን ልንደግስላት ነው። ሙቀቱ፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ሁሉም አስጨንቆኛል። ዶሮ ወጥ ከወይን ጋር ይሄዳል? ባለቤቴ ‹ነገር አታካብጂ› ይለኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

የእማዬ ልጅ፣ ከኦክላንድ

መልስ

የእማዬ ልጅ፣ እናትሽን ውሰጃቸው። ግን በባለቤትሽ ፕሮግራም አይሁን። አምስት ወይነሪ ቀርቶ ሁለትም ይበዛል። ናፓንም ለሌላ ጊዜ ተዪው። ለአንድ ቀን አንድ ከተማ ይበቃል፤ ያቺም ከተማ ሶኖማ ትሁን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሶኖማ ውስጥ ብርጭቆ ሳይነሳም ቀኑ ይሞላል። አብዛኛው ሰው ወደዚያ ሸለቆ የሚሄደው ለመቅመስ ነው፤ ከተማዋን እግረ መንገዱን አይቷት ይመለሳል። እናንተ ከተማዋን ለማየት ሂዱ፤ መቅመሱ እግረ መንገድ ይሁን። ለእናትሽም ስትነግሪያቸው «ወይን ልናይ ነው» አትበያቸው። «የቆየ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጥንታዊ ከተማ ልናይ ነው» በያቸው። ውሸት አይደለም። ታሪኩ በእርግጥም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

በአደባባዩ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ ነጭ የተቀባ፣ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ዝቅ ያለ ሕንፃ አለ። ሚሽን ሳን ፍራንሲስኮ ሶላኖ ይባላል፤ ሚሽን ማለት የካቶሊክ መነኮሳት የስብከት ሰፈር ነው። የፍራንሲስካን መነኮሳት በ1769 ከሳን ዲዬጎ ጀምረው ወደ ሰሜን እየወጡ 21 ሚሽኖች አቁመዋል። የሶኖማው የመጨረሻውና ከሁሉም ወደ ሰሜን የራቀው ነው። አባ ሆሴ አልቲሚራ የመሠረቱት ጁላይ 4 ቀን 1823 ነው። ያኔ ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ግዛት ነበረች፤ ሜክሲኮም ከስፔን ነፃ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። መነኮሳቱ በሰፈሩበት ቦታ ወይን ይተክሉ ነበር፤ ለቅዳሴ ያስፈልጋቸዋልና። የዛሬው የወይን አገር ሥሩ ይኸው ነው።

ይህን መኪና ውስጥ ሳላችሁ ለእናትሽ አጫውቻቸው። ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የለመደ ሰው ወይን ለምን ለመቅደስ እንደሚተከል ማብራሪያ አይፈልግም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ለቁርባን እንደሚቀርብ እሳቸው ከእኔም ካንቺም በላይ ያውቃሉ። እንዲያውም እዚያ ስትደርሱ አስረጂዋ አንቺ ሳትሆኚ እሳቸው ቢሆኑ አይገርመኝም።

ከሚሽኑ ጎን ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ስሞች አሉ። እባክሽ አትለፏቸው። ከ1824 እስከ 1839 ባሉት ዓመታት እዚያ የሞቱ ከ800 በላይ የአገሬው ተወላጆች ስም ነው። የተጻፈው መነኮሳቱ ያወጡላቸው የክርስትና ስም ነው። የሚዎክ፣ የፖሞ፣ የፓትዊንና የዋፖ ሰዎች ነበሩ። ጡቡን ያቦኩት፣ ማሳውን ያረሱት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ደግሞ ከውጭ የመጣ በሽታ ነው። የጉብኝት ጽሑፎች ይህን በአንድ መስመር ዘለው ወደ ጠርሙሱ ይሮጣሉ። ይህ ያናድደኛል። እናትሽ ግን ነፍስ ይማር ሳይሉ ከዚያ የሚነሱ አይመስለኝም። ጊዜ ስጫቸው።

ከዚያ አደባባዩ አለላችሁ። ስፋቱ 8 ኤከር ነው። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ጥላው ሰፊ ነው፤ ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ፣ የልጆች መጫወቻና የእንጨት ጠረጴዛዎች አሉት። አደባባዩን በ1835 የቀየሱት ማሪያኖ ቫዬሆ የሚባሉ የሜክሲኮ ጦር አዛዥ ናቸው። ከኦክላንድ በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና ስትሄዱ የምታልፉት ቫሌሆ ከተማ በእሳቸው ስም የተሰየመ ነው። ቤኒሺያ ደግሞ በባለቤታቸው ስም።

የቫዬሆን ታሪክ በተለይ ለወሎዬ እናት ብትነግሪ ደስ ይለኛል። ጁን 14 ቀን 1846 ጎሕ ሲቀድ ሠላሳ ያህል የታጠቁ አሜሪካውያን ሰፋሪዎች መጥተው በራቸውን አንኳኩ። ሊይዟቸው ነው የመጡት። ቫዬሆ የሰዎቹን መሪዎች ግቡ አሏቸው፤ መጠጥም አቀረቡላቸው። የእጅ መስጠቱ ውል እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲጻፍ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ግን እንግዶቹ የቤቱን ጌታ አስረው ወሰዷቸው። ዛሬ ሳክራሜንቶ ከተማ ውስጥ ባለው የሳተር ምሽግ ከአንድ ወር በላይ ታስረው ከረሙ። ሰፋሪዎቹ አደባባዩ ላይ ድብ የተሳለበት ባንዲራ ሰቅለው ሪፐብሊክ አወጁ። 25 ቀን ቆየችና ጁላይ 9 የአሜሪካ ባንዲራ ተተካ። ዛሬ ካሊፎርኒያ ባንዲራ ላይ የምታዩት ድብ ከዚያች ጠዋት የመጣ ነው። የድብ ባንዲራው መታሰቢያ ሐውልትም አደባባዩ ላይ አለ፤ ፎቶ ተነሡበት።

ቫዬሆ ግን በዚያ አልቀሩም። በ1849 የካሊፎርኒያን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ ሆኑ፤ ቀጥሎም የክልሉ ሴናተር። ኋላ የኖሩበት ቤት ከአደባባዩ ብዙ አይርቅም። እሱን፣ ሚሽኑንና የቫዬሆን ወታደሮች ሰፈር በአንድ ርካሽ ቲኬት ማየት ይቻላል። እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወደ ቤቱ በመኪና ሂዱ።

አሁን ወደ ወይነሪው። አንድ ብቻ፤ እሱም ቡዌና ቪስታ። ከአደባባዩ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። በ1857 የመሠረቱት አጎስቶን ሃራስቲ የሚባሉ ሃንጋሪያዊ ናቸው። በ1861 ወደ አውሮፓ ተሻግረው ከመቶ ሺህ በላይ የወይን ችግኝ ወደ ካሊፎርኒያ አስመጡ። የድንጋዩ ሕንፃ ዛሬም አለ። ከኋላው ያሉትን ዋሻዎች ኮረብታውን እየፈለፈሉ የቆፈሩት ቻይናውያን ሠራተኞች ናቸው። አሁን እናትሽ የሚወዱት ወሬ መጣ። ጁን 1 ቀን 1863 የሃራስቲ ሁለት ወንዶች ልጆች የቫዬሆን ሁለት ሴቶች ልጆች በአንድ ቀን አገቡ። አቲላ ናታሊያን፣ አርፓድ ሆቪታን። ሁለቱ ትልልቅ የወይን ባለቤቶች አማቾች ሆኑ ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ «የማን ቤት ተደገሰ?» ብለው ይጠይቁሻል።

ቀድመሽ ቦታ ያዢ። ስትደውዪ አንዲት የማይጠጡ እናት አብረውን አሉ በያቸው፤ ችግር የለውም። እዚያ አገር የሚቀዳው በጣም ትንሽ ነው፤ አራት አምስት ዓይነት እየቀያየሩ ጠብ ያደርጋሉ። ቀምሶ መትፊያው ውስጥ መትፋት ነውር አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ። እናትሽ ብርጭቆውን አሽትተው ብቻ ቢመልሱም ማንም ቅር አይለውም። የሚነዳው ሰው ግን ጨርሶ አይቅመስ። የካሊፎርኒያ ሕግ በደም ውስጥ 0.08 ከመቶ አልኮል ላይ ወንጀል ይለዋል፤ ለእኔ ግን እናትን ይዞ ለሚነዳ ሰው ቁጥሩ ዜሮ ነው።

የምትሄዱበትን ቀንም ልምረጥልሽ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ። ቅዳሜና እሑድ 37 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ የሚባክነው ሰዓት ያሳዝናል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ጠዋት ከባሕሩ በኩል ጉም ይገባል፤ ነጠላቸውን ይዘው ይውጡ። ከሰዓት ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ እግር የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ከምሳ በፊት ጨርሱ። ምሳውን ከቤት ቋጥራችሁ አደባባዩ ላይ ብሉ። ከአደባባዩ ወጣ ብሎ ቬላ የሚባል፣ ከ1931 ጀምሮ የሚሠራ አይብ ቤት አለ። ድራይ ጃክ የሚሉትን ጠንካራ አይብ ትንሽ አስቆርጡ። ውጭው በካካዎና በቁንዶ በርበሬ የታሸ ነው፤ ቡናማ ቆዳውን አይተው እናትሽ ምንድነው ማለታቸው አይቀርም።

በዚያ ሰሞን አንድ የሚያምር ነገር አለ። ወይኑ ቀለም የሚለውጥበት ወቅት ነው። አንድ ዘለላ ላይ አንዱ ፍሬ አረንጓዴ፣ አጠገቡ ያለው ሐምራዊ፣ ሦስተኛው ገና ቀላ እያለ ታያላችሁ። ጎንበስ ብለው በደንብ እንዲያዩት አድርጊ። መቁረጥ ግን አይቻልም፤ የሰው ንብረት ነው።

ጠርሙስ ከገዛችሁ መኪና ውስጥ ጥላችሁ አትዙሩ። የተዘጋ መኪና በሐምሌ ምድጃ ነው፤ ወይኑ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። ማቀዝቀዣ ሳጥን ያዙ።

ለባለቤትሽ ደግሞ እንዲህ በዪው። አምስቱን ወይነሪ ከጓደኞቹ ጋር ሌላ ቀን፣ ሹፌር ቀጥረው ይዙሩት። አማቱን ሊያስደስት አስቦ ነው፤ ልቡ መልካም ነው። አታካብጂ ማለቱ ላይ ግን አልስማማም። የሃይማኖት ሰው የሆነች እናት ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠጣ እያየች ወንበር ላይ መቀመጧ ቀላል ነገር አይደለም።

ድግሱ ጋ ስንመጣ አንድ ትልቅ ነገር ዘንግታችኋል። ኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ጾሙ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ገብቶ ነሐሴ 16፣ ኦገስት 22 ይፈታል። ለእናትሽ ክብር ተብሎ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ እሳቸው ሽሮ ይዘው ጥግ ሊቀመጡ ነው! ቀኑን ግፉት። ከኦገስት 22 ጀምሮ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ አድርጉት። እናትሽ ሴፕቴምበር ድረስ ስላሉ ጊዜ አላችሁ፤ ድግሱም የፍስክ ይሆናል። ቀኑ በምንም መንገድ የማይገፋ ከሆነ ደግሞ ማዕዱ በሙሉ የጾም ይሁን። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍት። ግማሽ ጾም ግማሽ ፍስክ አድርጎ እንግዳዋን መለየት ግን አይሆንም።

ቀኑ መገፋቱ ሌላም ሲሳይ አለው። ጠጁን እናትሽ ይጣሉ። እንደመጡ ቢጠነስሱት ለድግሱ ከወር በላይ ጊዜ አለው። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች የጌሾ እንጨት ታገኛለሽ። ማር ንጹሑን ግዢ። አብዛኛው ሰው ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ ያደርጋል፤ መጠኑን ግን እሳቸው ይወስኑ፤ አንቺ ዕቃ አቀባይ ሁኚ። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሻቸው። አንደኛ፣ የእዚህ አገር ሙቀት ከደሴ ስለሚበልጥ ቶሎ ይፈላል። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ድፍን ብሎ ከተዘጋ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል። በሕግ በኩል አትስጊ። የአሜሪካ ሕግ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ወይን ለራስ ፍጆታ መጥመቅ ይፈቅዳል፤ መሸጥ ነው ክልክሉ።

ልጅ ቤት እንግዳ ሆኖ ስድስት ሳምንት መቀመጥ ለብዙ እናቶች ከባድ ነው። ልጆች ሥራ ይሄዳሉ፤ ሰፈሩ አይታወቅም፤ ቋንቋው አይገባም። ማለዳ ተነስቶ የሚታይ፣ የሚሸተት፣ የሚማሰል ነገር ሲኖር ቀኑ ባለቤት ያገኛል። እንግዳ ሰው ሲመጣ ደግሞ «ይህን የጣሉት እናቴ ናቸው» ብለሽ ስትቀጂ ፊታቸውን ታዪዋለሽ።

ዶሮ ወጥ ከወይን ጋር ይሄዳል ወይ ላልሽው፣ ይሄዳል፤ ግን ከማንኛውም ወይን ጋር አይደለም። በርበሬና አልኮል ሲገናኙ እርስ በርስ ይጋጋላሉ። 15 ከመቶ አልኮል ያለው ዚንፋንደል የሚባል ቀይ ወይን በዶሮ ወጥ ላይ ጉሮሮ ያቃጥላል። አፍ የሚያደርቀው ሌላው ቀይ ወይን፣ ካበርኔም፣ ከበርበሬ ጋር ምሬቱ ይጎላል። ጠጅ ከክትፎና ከዶሮ ወጥ ጋር የሚስማማው ስለሚጣፍጥ ነው፤ በዚያው መንገድ አስቢ። ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነጭ ወይን፣ ሪዝሊንግ ወይም ጌቩርትስትራሚነር የሚባለው፣ ከዶሮ ወጥ ጋር ደስ ይላል። ቀዝቃዛ ሮዜ፣ ማለትም ሮዝ ቀለም ያለው ወይን፣ ለሁሉም ይሆናል። ለጥብስ ከሶኖማ ደቡብ ጫፍ፣ ከካርኔሮስ የመጣ ፒኖ ኗር ያዢ። ቀይ ቢሆንም ከማቅረብሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቢው። በሰመር «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚለውን ወዲያ በዪው። ነጩና ሮዜው ካልቀዘቀዘ ባልዲ ውስጥ በረዶ፣ ውኃና አንድ ጭብጥ ጨው ጨምረሽ ንከሪው፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

መጠኑ እንዲህ ነው። አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ከሠላሳው ግማሹ ቢጠጣና ለሰው ሦስት ብርጭቆ ብትይ ዘጠኝ ጠርሙስ ነው። ጠጅ ስላለ ከዚያ በላይ አትግዢ። ለማይጠጡትና ለልጆች ብርዝ አዘጋጂ፤ በብርሌ ቅጂላቸው፤ የተለየ ነገር የተሰጣቸው አይምሰላቸው።

ምግቡን አታብዢ። ወጦቹን ዓርብ ጨርሰሽ ቅዳሜ ጥብሱን ብቻ ከሰል ላይ ባለቤትሽ ይጥበስ። እንጀራውን ጠቅልለሽ በጨርቅ ሸፍነሽ ጥላ ውስጥ አስቀምጪ፤ ፀሐይ ላይ በአንድ ጊዜ ይደርቃል። ክትፎ ካለ ከፍሪጅ በትንሽ በትንሹ እያወጣሽ አቅርቢ። የበሰለም ሆነ ጥሬ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ አንሺው። ኦገስት የቃጠሎ ወቅት ስለሆነ ጠዋት የእሳት ማስጠንቀቂያ መኖሩን እዪ። ነፋስ ካለ ከሰሉ ይቅር፤ ጥብሱ ምድጃ ላይ ይሠራል። ለጎረቤቶችሽም ቀድመሽ ንገሪ፤ ብትጠሪያቸው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

የቀኑን መቀየር ለእንግዶቹ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ሰው የኦገስት ቅዳሜዎቹን ቀድሞ ነው የሚይዘው። የቡዌና ቪስታውንም ቦታ በዚያው ያዢ፤ ማክሰኞ ጠዋት ካገኘሽ እሱን ምረጪ።